ቶሪ ፓይን፦ ሁለቱ ደኖች ይዳቀሉ ወይስ ተለያይተው ይቆዩ?

በዓለም ላይ ፓይን ከሚባለው መርፌ ቅጠል ዛፍ ከመቶ የሚበልጡ ዝርያዎች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ እንደ ቶሪ ፓይን በጠባብ ቦታ የተወሰኑት ጥቂት ናቸው። ዛፉ በተፈጥሮ የሚበቅለው በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት፣ ያውም በሁለት ቦታ ብቻ ነው። አንደኛው ከሳንዲያጎ መሃል ከተማ በስተሰሜን፣ በላሆያና በዴል ማር መካከል ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ ቁልቁል በሚያይ የአሸዋ ድንጋይ ገደል ላይ ነው። ሁለተኛው ከዚያ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሳንታ ሮዛ ደሴት፣ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻዋ ባለው ተዳፋት ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ባሕርና ከተማ እንጂ አንድም የዱር ቶሪ ፓይን የለም። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም ዛፉን ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ መድቦታል።

እዚህ የማቀርበው ጉዳይ ዛፉ ብርቅ መሆኑ አይደለም፤ ብርቅ ዛፍ ብዙ ነው። ጉዳዩ በዛፉ ጠባቂዎች ፊት የተደቀነ አንድ ውሳኔ ነው። በሁለቱም ደኖች ውስጥ ያለው የዘረመል ብዝኃነት፣ ማለትም ዛፍ ከዛፍ በውርስ የሚለያይበት መጠን፣ በጣም አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። የአንዱን የአበባ ዱቄት ለሌላው ሰጥቶ ማዳቀል ዛፉን ያበረታው ይሆናል የሚል ተስፋ የሚሰጥ ማስረጃም ተገኝቷል። ታዲያ ይዳቀሉ? ወይስ እስከ ዛሬ እንደኖሩት ተለያይተው ይቆዩ? የእኔን መልስ ከታች አቀርባለሁ፤ ግን መልሱ የሚመዘነው የዛፉ ታሪክና የተደረጉት ምርመራዎች ከታወቁ በኋላ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛፉና ሁለቱ መኖሪያዎቹ

ቶሪ ፓይን ረጃጅምና ግራጫ አረንጓዴ የሆኑ መርፌ ቅጠሎቹን አምስት አምስት አድርጎ በአንድ እግር ያወጣል። አገሩ ዝናብ የሚያንሰው፣ በጋው ረጅም የሆነ የባሕር ዳርቻ ነው። በዚያ ደረቅ አፈር ላይ የሚያኖረው ከባሕር የሚነሣው ጉም ነው፤ ረጃጅሞቹ ቅጠሎች ጉሙን ይይዙና ወደ ሥሩ ያንጠባጥቡታል። ነፋስ በሚበረታበት ገደል አፋፍ ላይ ያሉት ዛፎች ጎብጠውና አጥረው ሲያድጉ፣ በሸለቆው ውስጥ ያሉት ቀጥ ብለው ይረዝማሉ።

ዘሩ ትልቅና ከባድ ነው። የብዙ ፓይኖች ዘር ክንፍ አውጥቶ በነፋስ ሲሄድ፣ የዚህኛው ክንፍ ዘሩን ለመሸከም አቅም ስለሌለው ፍሬው ከእናቱ ሥር አይርቅም፤ ወፎችና አይጦች ወስደው ካልቀበሩት በስተቀር። ኮን የሚባለው እንጨት መሰል ፍሬው የሚበስለው በሦስተኛው ዓመት ነው። ከበሰለም በኋላ ዘሩን በአንድ ጊዜ አይበትንም፣ ለብዙ ዓመታት በዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ ጥቂት በጥቂት ይለቃል። ይህን ዝርዝር የማነሣው በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው። ዘሩ ሩቅ የማይሄድ፣ ትውልዱም ቶሎ የማይተካ ዛፍ አንድ ጊዜ የጣለውን ብዝኃነት መልሶ ለማግኘት እጅግ ረጅም ዘመን ይፈጅበታል።

የደሴቱ ዛፎች ከየብሱ፣ ማለትም ከሳንዲያጎዎቹ፣ በመልክ ይለያሉ። አጠር ይላሉ፣ ጎናቸው ይሰፋል፣ ኮናቸውም ሰፋ ያለ ነው። በዚህ ምክንያት ሃለር የተባለው የዕፅዋት ተመራማሪ በ1986 የደሴቱን ዛፍ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ አድርጎ መዝግቦታል። ሳንታ ሮዛ በበረዶ ዘመን የባሕሩ ወለል ዝቅ ባለ ጊዜ ከአጎራባች ደሴቶች ጋር አንድ ትልቅ ደሴት ነበረች፤ ከየብሱ ጋር ግን አልተገናኘችም። ስለዚህ ሁለቱ ደኖች ለረጅም ዘመን የተለያዩ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ይቻላል።

ከ1850 ወዲህ

ዛፉን በ1850 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ሐኪምና የዕፅዋት ተመራማሪ የነበረው ቻርልስ ፓሪ ነው። በአሜሪካና በሜክሲኮ መካከል ያለውን ድንበር ከሚቀይሱት ጋር ወደ አካባቢው መጥቶ ነበር። ስሙንም ለታዋቂው የኒው ዮርክ የዕፅዋት ሊቅ ለጆን ቶሪ መታሰቢያ ሰጠው። ፓሪ በ1883 ተመልሶ ሲመጣ ዛፉ በማገዶ ቆራጮችና በግጦሽ ተጎድቶ ስላገኘው እንዲጠበቅ ለከተማው ሰዎች አቤት አለ። በ1888 ደግሞ ብራንዲጂ የተባለው ተመራማሪ በሳንታ ሮዛ ደሴት ተመሳሳዩን ዛፍ አገኘ፤ ያን ጊዜ የቆጠረው 100 ያህል ብቻ ነበር።

የሳንዲያጎ ከተማ ምክር ቤት በ1899 ወደ 150 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ለዛፉ ከለለ። በጋዜጣ ሥራ የበለጸገችው ኤለን ብራውኒንግ ስክሪፕስ በቀጣዮቹ ዓመታት በዙሪያው ያሉ መሬቶችን በራሷ ገንዘብ ገዝታ ጨመረችበት። ጥብቅ ቦታው በ1959 ወደ ካሊፎርኒያ ግዛት አስተዳደር ተላለፈ። ዛሬ በዙሪያው መኖሪያ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የጎልፍ ሜዳና የምርምር ተቋማት ተሞልተዋል። በሳንዲያጎ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቅዳሜና እሑድ ባሕር ለማየት ሲወጡ በዛፉ ሥር አልፈው ይሆናል፤ ስሙም በአውራ ጎዳናውና በትምህርት ቤቱ ሁሉ ላይ ተጽፏል።

የደሴቱ ታሪክ ከዚህ የከፋ ነበር። ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በግ፣ ከ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ጀምሮ ደግሞ ከብት ሲግጥበት ኖረ። ለአደን የመጡ አጋዘኖችም ተጨመሩ። ችግኝ ብቅ ባለ ቁጥር ይበላል፣ አፈሩ ይረገጣል፣ ጎርፍ ይወስደዋል። ደሴቲቱ በ1980ዎቹ ወደ ብሔራዊ ፓርክ ገባች፤ ከብቶቹ በ1998፣ አጋዘኖቹ ደግሞ እስከ 2011 መጨረሻ ወጡ። ከዚያ ወዲህ በአሮጌዎቹ ዛፎች ዙሪያ ወጣት ቶሪ ፓይኖች በብዛት በቅለዋል። በዚህ ጉዳይ ውስጥ በጣም የሚያስደስተኝ ይህ ነው። ማንም ሰው አልተከላቸውም፤ የሚበላቸው እንስሳ ብቻ ተነሣላቸው።

ነገር ግን ቁጥር ሲጨምር ብዝኃነት አብሮ አይጨምርም። ከመቶ ዛፎች የተወለዱ አንድ ሺህ ዛፎች የሚይዙት የመቶዎቹን ዘረመል ነው፣ ያውም ሁሉም እኩል ከወለዱ።

ሃምሳ ዘጠኝ ቦታ ተፈልጎ

በ1983 ከአሜሪካ የደን አገልግሎት የመጡት ቶማስ ሌዲግና ቶምሰን ኮንክል የቶሪ ፓይንን የዘረመል ብዝኃነት የለኩበትን ጥናት አወጡ። ያን ጊዜ የዲኤንኤ ንባብ እንደ ዛሬ ቀላል አልነበረም፤ የሚሠራው በኢንዛይሞች ነበር። አንድ ዘረመል በሁለት ዓይነት መልክ ካለ የሚሠራው ኢንዛይምም ብዙውን ጊዜ በኤሌክትሪክ ኃይል በስታርች ዝልግልግ ውስጥ ሲነዳ የተለያየ ርቀት ይሄዳል። ቀለም ሲነካው መስመሩ ይታያል። ሁሉም ዛፎች አንድ መስመር ካሳዩ በዚያ ዘረመል ላይ ልዩነት አልተገኘም ማለት ነው።

መርፌ ቅጠል ዛፎች ለዚህ ሥራ የሚያመች አንድ ጠባይ አላቸው። በዘሩ ውስጥ ፅንሱን የሚመግበው ክፍል ከእናት ብቻ የመጣ ነው፤ የሚይዘውም ከእናቲቱ የዘረመል ጥንድ አንዱን ቅጂ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአንድ ዛፍ በርከት ያሉ ዘሮች ወስዶ ያንን ክፍል የመረመረ ሰው፣ እናቲቱ ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች እንዳላት ወይም ሁለቱም አንድ ዓይነት መሆናቸውን ያለ ጥርጥር ያውቃል። ከዚህ የተነሣ የሌዲግና የኮንክል ውጤት በናሙና ማነስ ወይም በአነባበብ ስሕተት የሚታለፍ አልሆነም።

ውጤቱ ይህ ነበር። ሃምሳ ዘጠኝ የዘረመል ቦታዎች ተፈተሹ። በየብሱ ደን ውስጥ በአንዱም ቦታ ላይ በዛፍና በዛፍ መካከል ልዩነት አልተገኘም። በደሴቱም ውስጥ እንዲሁ። ሁለቱ ደኖች እርስ በርሳቸው ሲነጻጸሩ ደግሞ የተለያዩት በሁለት ቦታዎች ብቻ ነበር።

ይህን ውጤት ለመመዘን የሌሎች ፓይኖችን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። ፓይኖች በነፋስ የሚዳቀሉ፣ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ዛፎች ስለሆኑ ብዙዎቹ በዘረመል ብዝኃነት ከዕፅዋት ሁሉ ሀብታሞች ከሚባሉት ወገን ናቸው። በአንድ ጋራ ላይ የቆሙ ጎረቤታሞች እንኳ በብዙ ቦታ ይለያያሉ። ቶሪ ፓይን ከዚህ ልማድ ፍጹም ወጣ ያለ ነው። በሰሜን አሜሪካ ሌላም አንድ እንዲህ ዓይነት እንግዳ ፓይን አለ፤ ቀይ ፓይን ይሉታል። እርሱ ግን በምሥራቅ ካናዳና በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ሰፊ አገር ይዞ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዛፍ ነው፤ ሆኖም በኢንዛይም ምርመራ ብዝኃነቱ እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኝቷል። የዛፍ ብዛትና የዘረመል ብዝኃነት የተለያዩ ሒሳቦች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም።

እንዴት እንዲህ ሆነ? ሌዲግና ኮንክል የሰጡት ምክንያት ዛፉ በአንድ ወቅት፣ ምናልባትም ከበረዶ ዘመን በኋላ በመጣው ሞቃትና ደረቅ ዘመን፣ በጣም ጥቂት እስኪሆን ድረስ ተመናምኖ ነበር የሚል ነው። የአንድ ዝርያ ቁጥር ሲያንስ ብርቅ የሆኑ የዘረመል መልኮች በአጋጣሚ ይጠፋሉ፤ አንዲት ተሸካሚ ዛፍ ሳትወልድ ከሞተች የያዘችው መልክ አብሯት ይቀበራል። ቁጥሩ ለብዙ ትውልድ ዝቅ ብሎ ከቆየ የሚተርፈው አንድ መልክ ብቻ ይሆናል። አዲስ መልክ የሚፈጠረው በዘረመል ለውጥ ነው፤ ለውጡ ደግሞ እጅግ አዝጋሚ ነው። ለሰው አሥር ሺህ ዓመት ረጅም ቢመስልም፣ ብዙ አሥርት ዓመታት ለሚኖር ዛፍ የጥቂት መቶ ትውልዶች ዕድሜ ነው።

በኋላ የተደረጉት ምርመራዎች ይህን ምስል አላፈረሱትም፣ ግን አጥርተውታል። በ2010 የወጣ አንድ ጥናት የሁለቱን ደኖች የክሎሮፕላስት (በቅጠል ውስጥ ከብርሃን ምግብ የሚሠራው ክፍል) ዲኤንኤ በሙሉ አንብቦ በደሴቱና በየብሱ መካከል በጣት የሚቆጠሩ ልዩነቶችን ብቻ አገኘ። ከዚያ በኋላ በመላው ዘረመል ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦች ሲነበቡ ደግሞ ብዝኃነቱ ዝቅተኛ እንጂ ዜሮ አለመሆኑ፣ ሁለቱ ደኖችም በግልጽ የሚለያዩ መሆናቸው ታየ። በኢንዛይም የተፈተሹት ሃምሳ ዘጠኝ ቦታዎች ከአንድ ፓይን ግዙፍ ዘረመል ውስጥ ኢምንት ናቸው። የዛፍን ቁመት፣ የቅጠሉን ርዝመትና ድርቅ የመቋቋም ኃይሉን የሚወስኑት ደግሞ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት የሚያበረክቱ ብዙ ዘረመሎች ናቸው። ኢንዛይሙ ዝም ያለበት ቦታ ባዶ ነው ብሎ መደምደም ተገቢ አይደለም። ይህ ነጥብ ወደ ውሳኔው ስንደርስ ትልቅ ክብደት ይኖረዋል።

ጥንዚዛውና ድርቁ

በ1980ዎቹ መጨረሻ በየብሱ ደን ላይ የደረሰው ነገር አደጋው በወረቀት ላይ ብቻ አለመሆኑን አሳይቷል። በመጀመሪያ ማዕበል የጣላቸው ዛፎች በመሬት ላይ ቀሩ። በወደቀ ግንድ ቅርፊት ሥር የምትራባ ትንሽ ጥንዚዛ አለች፤ ምግቡ ሲበዛላት በዛች። ያ ወቅት ድርቅ ነበር። ጤናማ ፓይን ቅርፊቱን የሚቦረቡር ጥንዚዛ ሲመጣበት ሙጫ አፍስሶ ያስወጣዋል፤ ውኃ የጠማው ዛፍ ግን የሚያፈሰው ሙጫ የለውም። ጥቂት ጥንዚዛዎች በአንድ ዛፍ ላይ ከሰፈሩ በጠረናቸው ሌሎችን ይጠራሉ፣ ዛፉም በብዛታቸው ይሸነፋል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቶሪ ፓይኖች ሞቱ።

የመጣው መፍትሔ ብልሃት ያለበት ነበር። መርዝ ከመርጨት ይልቅ ጥንዚዛዎቹ እርስ በርስ የሚጠራሩበት ጠረን ተመስሎ ተሠራና በሞቱት ዛፎች አካባቢ በተሰቀሉ ወጥመዶች ውስጥ ተደረገ። በሕይወት ባሉት ዛፎች በኩል ደግሞ «እዚህ ቦታ የለም» የሚል መልእክት ያለው ሌላ ጠረን ተሰቀለ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጥንዚዛዎች ተይዘው ወረርሽኙ ቆመ። ከ2012 እስከ 2016 በካሊፎርኒያ የደረሰው ከባድ ድርቅ ግን ጥንዚዛዋን መልሶ አመጣት፤ ብዙ ዛፎችም ደረቁ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስለ ዘረመል የሚጽፍ ሰው የዛፉን ሞት ሁሉ በብዝኃነት ማነስ ሊያሳብብ ይቃጣዋል። ዛፎቹን የገደላቸው የውኃ እጦትና ጥንዚዛ ነው፤ ብዝኃነት ባለው ደንም ድርቅ ዛፍ ይገድላል። ልዩነቱ የሚመጣው ከሞቱ በኋላ ነው። ብዝኃነት ባለው ደን ውስጥ ከድርቁ የተረፉት በአማካይ ከሞቱት በአንዳች ነገር ይለያሉ፣ ያንንም ለልጆቻቸው ያወርሳሉ፤ ቀጣዩ ትውልድ ድርቁን ትንሽ የተሻለ ይችላል። ሁሉም ዛፎች በሚመሳሰሉበት ደን ግን የተረፈው ዛፍ የተረፈው ሥሩ ከተሻለ አፈር ላይ ስላረፈ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ለልጁ የሚያወርሰው ጥቅም የለም። የካሊፎርኒያ ዳርቻ እየሞቀና እየደረቀ በሚሄድበት ዘመን ትልቁ ኪሳራ ይህ ነው።

የሞንቴሲቶው ማሳ

ሁለቱ ደኖች በመልክ የሚለያዩት በዘረመል ነው ወይስ በአፈርና በነፋስ? ይህን ለመለየት ያለው አስተማማኝ መንገድ የሁለቱንም ዘር በአንድ ማሳ፣ በአንድ አፈርና በአንድ አየር ላይ ዘርቶ ማየት ነው። እንዲህ ያለው ማሳ በ2007 በሳንታ ባርባራ አጠገብ በሞንቴሲቶ ተተከለ። የየብሱ፣ የደሴቱና የሁለቱ የመጀመሪያ ትውልድ ዲቃላዎች ጎን ለጎን ቆሙ፤ በየዓመቱም ተለኩ። ጂል ሃሚልተንና ጄሲካ ራይት ሌዲግን ጨምሮ ከባልደረቦቻቸው ጋር ውጤቱን በ2017 አወጡ።

ከውጤቱ ሦስት ነገሮች ይወጣሉ። ሁለቱ ደኖች በአንድ ማሳ ላይም ሆነው አስተዳደጋቸው ተለያየ፤ ስለዚህ ልዩነታቸው ቢያንስ በከፊል የዘረመል ነው። በየብሱ ዛፎች መካከል በእድገት የሚታይ የዘረመል ልዩነት ሲኖር፣ በደሴቱ ዛፎች መካከል ያለው ከዚያ በጣም ያነሰ ሆነ። ይህ የኢንዛይሙ ዝምታ የፓይኑን ሙሉ ሁኔታ እንደማይናገር ያረጋግጣል፤ ሃምሳ ዘጠኙ ቦታዎች ሁለቱን ደኖች እኩል ባዶ አስመስለዋቸው ነበር፣ ማሳው ግን አንዱ ከሌላው የባሰ መሆኑን አሳየ። ሦስተኛውና ትልቁ ዜና ዲቃላዎቹ ናቸው። ከሁለቱም ወላጆቻቸው ወገን በልጠው ረዘሙ፣ ብዙ ኮንም አፈሩ።

በቅርብ ዘመዳሞች መካከል የተራባ ወገን ጎጂ የሆኑ የዘረመል ቅጂዎችን በጥንድ ይዞ ይቀራል። ከሌላ ወገን ሲዳቀል የአንዱን ጎጂ ቅጂ የሌላው ጤነኛ ቅጂ ይሸፍነዋል። የዲቃላዎቹ ብርታት ሁለቱም ደኖች በዘመን ብዛት እንዲህ ያለ ሸክም እንዳከማቹ የሚጠቁም ነው። ስለዚህ አጥኚዎቹ ማዳቀል ለዛፉ የመዳኛ መንገድ ሊሆን እንደሚችል ጻፉ። «ሊሆን ይችላል» ማለታቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ውሳኔው

ለማዳቀል የሚከራከሩ ሰዎች የሚጠቅሱት የታወቀ ምሳሌ የፍሎሪዳ ፓንተር ነው። በዘመዳሞች መራባት የልብና የመራባት ችግር የደረሰበት፣ ከሠላሳ የማይበልጥ ቁጥር የቀረው ይህ የዱር ድመት በ1995 ስምንት ሴቶች ከቴክሳስ ተወስደው ሲለቀቁለት ግልገሎቹ ጤነኛ ሆኑ፣ ቁጥሩም ከመቶ በላይ ደረሰ። ለጥንቃቄ የሚከራከሩት ደግሞ ከመካከለኛው አውሮፓ ሌላ ታሪክ ያመጣሉ። በታትራ ተራሮች የነበረውን የዱር ፍየል ለማብዛት ከቱርክና ከሲና አካባቢ ዘመዶቹ መጥተው ተቀላቀሉ፤ ከሲና የመጣው ኑቢያዊው የዱር ፍየል የእኛ ዋልያ የቅርብ ዘመድ ነው። ዲቃላዎቹ ሞቃት አገር የለመደውን የመራቢያ ወቅት ይዘው በከባድ ብርድ ወራት ወለዱ፤ ግልገሎቹ ሞቱ፣ መንጋውም ጠፋ።

ቶሪ ፓይን ከሁለቱ የትኛውን ይመስላል? የፓንተሩ ነገር ሊወስን አይችልም፤ ፓንተሩ የሚታይ ሕመም ነበረበት፣ ሌላ አማራጭም አልነበረውም። የደሴቱ ፓይን ግን ከብቶቹ ከወጡ ወዲህ ራሱ እየበቀለ ነው። ሳይዳቀል እየሞተ ያለ ዛፍ አይደለም። የታትራውም ነገር እንዲሁ በቀጥታ አይመጣም፤ ሞንቴሲቶ ላይ ዲቃላዎቹ አልሞቱም፣ እንዲያውም በለጡ።

ችግሩ የመጀመሪያው ትውልድ ብዙ የማይናገር መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ዲቃላ ከእያንዳንዱ ወላጅ አንድ አንድ ሙሉ ቅጂ ይዟል፤ አብረው መሥራት የለመዱ ዘረመሎች ገና አልተበታተኑም። መበታተኑ የሚጀምረው ዲቃላ ከዲቃላ ሲወልድ ነው። ለደሴቱ ጉምና ነፋስ የተስማማ ዘረመል ለየብሱ ድርቅ ከተስማማው ጋር በየትኛውም ቅንብር ሊገጣጠም ይችላል፤ አንዳንዱ ይሻላል፣ አንዳንዱ ከሁለቱም ያንሳል። ደግሞ ሞንቴሲቶ ሳንዲያጎም አይደለም፣ ሳንታ ሮዛም አይደለም። በሦስተኛ ቦታ፣ በእንክብካቤ ረዝሞ የተገኘ ዲቃላ በደሴቲቱ ነፋስ ላይ አጭሩን የደሴት ፓይን ይበልጠዋል ለማለት አልደፍርም። እዚያ ማጠር ራሱ ጥቅም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው። በሁለቱም የዱር ደኖች ውስጥ ዲቃላ ዛሬ መትከል አይገባም። ምክንያቴ ዲቃላው መጥፎ ነው የሚል እምነት አይደለም። የነፋስ ዛፍ ስለሆነ አንዴ የገባ ዲቃላ የአበባ ዱቄቱ በመላው ደን ይዳረሳል፣ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የለም። ያልተዳቀለውን ነገ ማዳቀል ይቻላል፤ የተዳቀለውን መለየት ግን አይቻልም። በአንጻሩ ዝም ብሎ መጠበቅም ዋጋ አለው፣ ምክንያቱም ቀጣዩ ድርቅ ቀጠሮ አይሰጥም። ጊዜው በሥራ መሞላት አለበት።

የመጀመሪያው ሥራ ዘር መሰብሰብ ነው። ከጥቂት ዛፎች ላይ ብዙ ኮን ከመልቀም ከእያንዳንዱ እናት ዛፍ ጥቂት ጥቂት ለቅሞ፣ የእያንዳንዷን ዘር በየስሟ ለይቶ ማስቀመጥ ይሻላል። ብዝኃነቱ ጥቂት በሆነበት ዛፍ ያለችው ጥቂት ልዩነት በየትኛዋ ዛፍ ላይ እንዳለች አይታወቅም፤ ገደል አፋፍ ላይ ጎብጣ የቆመችውን ለመድረስ አስቸጋሪ የሆነችውን ዛፍ መተው የማይገባውም ለዚህ ነው። በካሊፎርኒያ የዘር ስብስቡ እናት በእናት ተለይቶ የሚያዝበት አሠራር መኖሩ ትልቅ ነገር ነው።

ይህን ስጽፍ የእኛ ጥድ ትዝ ይለኛል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው በወጨጫ ተራራ ላይ እንዳስተከሉና የመናገሻ ሱባ ደን ከዚያ እንደተነሣ ይነገራል። የሐበሻ ጥድ ወንዱና ሴቱ በአብዛኛው የተለያየ ዛፍ ነው፤ ዘር የሚለቀመው ከሴቷ ብቻ ነው። ለችግኝ ጣቢያ ዘር የሚለቅም ሰው መንገድ ዳር ካሉት ሁለትና ሦስት ሴት ዛፎች ከረጢቱን ከሞላ፣ ከዚያ የሚወጣው በመቶ ሺህ የሚቆጠር ችግኝ የሁለትና የሦስት እናቶች ቤተሰብ ይሆናል። ጋራው አረንጓዴ ይሆናል፣ ቁጥሩም ሪፖርት ላይ ያምራል። ቶሪ ፓይን በአየር ንብረት መዛባት ተገዶ የደረሰበት ቦታ ላይ እኛ በከረጢት አያያዝ ልንደርስ እንችላለን። ጥዳችን ገና ብዙ የሚጠበቅ ሀብት ስላለው ይህ ከአሁኑ ቢታሰብበት እወዳለሁ።

ወደ ካሊፎርኒያ ልመለስ። ሁለተኛው ሥራ በጥብቅ ቦታው ዙሪያ ያሉትን የጓሮና የመንገድ ዛፎች ማወቅ ነው። ቶሪ ፓይን በካሊፎርኒያ ከተሞች እንደ ጌጥ ዛፍ ተተክሏል። የደሴት ዘር በየብሱ ጥብቅ ቦታ አጠገብ በአንድ ሰው ጓሮ ቆሞ ከሆነ፣ እኛ እየተከራከርንበት ያለውን ውሳኔ ነፋሱ ቀድሞ ወስኖት ይሆናል። የእነዚህን ዛፎች ምንጭ በዲኤንኤ መለየት ዛሬ ውድ ሥራ አይደለም።

ሦስተኛው ሥራ የዲቃላ ሙከራው ነው። ሁለተኛው የዲቃላ ትውልድና ዲቃላው ከየወላጁ ወገን ተመልሶ የሚወልደው ትውልድ፣ ከዱር ደኖቹ በሚርቁ ማሳዎች ላይ፣ አንዱ ደረቅ ሌላው ጉም የሚበዛበት ሆኖ መታየት አለባቸው። የሚለካው ቁመት ብቻ ሳይሆን በድርቅ ጊዜ የሚሞተው ስንት እንደሆነና ዘሩ ውስጥ ፍሬ ያለው ምን ያህል እንደሆነ ነው። እነዚህ ትውልዶች በሁለቱም ዓይነት ማሳ ላይ ካልወደቁ፣ ከዱር ደኖቹም አንዱ ራሱን መተካት ካቃተው፣ ያን ጊዜ አቋሜን ለውጬ ማዳቀልን ከሚደግፉት ጋር እቆማለሁ።

ሒሳቡን ግን ከአሁኑ መያዝ ያስፈልጋል። ዛሬ በእጅ የተዳቀለ ኮን የሚበስለው በሦስተኛው ዓመት ነው። ከዚያ ዘሩ በቅሎ፣ ችግኙ አድጎ፣ ራሱ ኮን እስኪይዝ ብዙ ዓመት ይወስዳል፤ የልጆቹን ጥንካሬ ለማየት ደግሞ ቢያንስ አንድ ክፉ ድርቅ በላያቸው ማለፍ አለበት። በ2007 የተተከለው ማሳ ውጤቱን ለማሳተም አሥር ዓመት ፈጅቶበታል፣ የነገረንም ስለ አንድ ትውልድ ብቻ ነው። ገንዘብ የሚመድቡ ተቋማት በሦስትና በአምስት ዓመት በጀት ከሚያስቡ ይልቅ ለዚህ ማሳ የሠላሳ ዓመት ጠባቂ ቢቀጥሩ፣ ጥያቄውን መመለስ የሚችሉት ሰዎች ገና ተማሪዎች ሳሉ ሥራውን ይጀምሩታል።